ሕጉ የጠየቀው ስም

«የሰው ስም ጥሪ!» አለች ዕፀገነትን ያስጠጋቻት ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር ባለው ጠባብ ማድቤቷ ሽንኩርት እየከተፈች። «ነገ ቴርሚን አለሽ፤ ለጥገኝነት ጥያቄሽ ከመርማሪ ፊት ትቀርቢያለሽ። ድርቅ፣ ዝናብ ስትዪ ብትውዪ የአየር ጠባይ ልትነግሪያቸው የመጣሽ ይመስላቸዋል። እገሌ አሰረኝ በዪ።»

«ኧረ እትዬ፣ ያልነካኝን ሰው?»

«ድንቄም! ሰማይን ማን ከሶ ያውቃል?»

ዕፀገነት ከዋግ የወጣችው ማሳዋ ዘሩን እንኳ መመለስ ሲሳነው፣ ሁለት ልጆቿን ከቀበረች በኋላ ነው። ካርቱም በቤት ሠራተኛነት ተቀጠረች፤ አሠሪዎቿ ፍራንክፈርት ይዘዋት ሲመጡ ጠፍታባቸው ቀረች። የተረፈቻት አንዲት ልጅ ካርቱም በሰው ቤት ትጠብቃታለች። ጥገኝነት ከተፈቀደላት ልጇን ታስመጣለች፤ ከተከለከለች ግን ሁለቱም ወደ ዋግ፣ ወደ ደረቀው ምንጭ መመለሳቸው ነው።

በማግስቱ ከመርማሪው ፊት ቀረበች። አስተርጓሚው አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ለትምህርት መጥቶ በስደት የሸመገለ ሰው ነው፤ የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሊተረጉም ምሏል።

«ከአገርዎ ለምን ወጡ?»

«ዝናቡ ቀረ። ከብቱ አለቀ፤ ልጆቼም አለቁ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ በጨዋነት አስረዳት። ሕጉ የሚያስጠጋው ሰው ያሳደደውን ነው፤ ሰማይ ለነፈገው፣ ምድር ለከዳችው የተጻፈ አንቀጽ የለም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የሚወቀስ ሰው በተገኘ ነበር።

«ያሳደደዎት ሰው አለ?»

ዕፀገነት የመንደሯን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበች። በእርሷ አገር በመንግሥት ፊት ስሙ የተጠራ ሰው ደጃፉ ላይ ዘብ ይቆምበታል። የልጇ ፊት ታያት። በመጨረሻ ዘብ የማይደርስበትን ሰው መረጠች።

«አለ፤» አለች። «የቀበሌያችን ሊቀ መንበር መልከጼዴቅ። አሰረኝ።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ። «ቢመለሱ ዛሬም ያገኝዎታል?»

«የት አግኝቶኝ ጋሼ፣ ሞቷል እኮ! ስለሞተ አይደል ስሙን የጠራሁት? በሕይወት ያለውን እንዴት አድርጌ በሐሰት አስይዛለሁ?»

ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ እርሷ ዘንበል አለ። «እኅቴ፣ በእግዚአብሔር ዝም በዪ። ያልሽውን ሁሉ ለእርሱ መተርጎም ግዴታዬ ነው።»

ዝም ማለት ግን አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። «ይቅር ይበለኝ! ልጆቼን የቀበረልኝ እርሱ ነው። ጉድጓዱን ሲቆፍር መቆሚያ ጉልበት እንኳ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ራቡ እርሱንም ወሰደው።»

መርማሪው ትርጉሙን እየጠበቀ ወደ አስተርጓሚው ተመለከተ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ውኃ ተጎነጨ። ከዚያም አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው።