ከመስታወቱ ማዶ ያለው ልጅ

እህቴ በኦፕራሲዮን ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጇን ግን ገና አላየችውም። ጊዜው ሳይደርስ ስለተወለደ ማሞቂያ ገብቷል፤ እሷ ደግሞ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ከአልጋ እንዳትነሳ ተከልክላለች። ሁላችንም እየተፈራረቅን «ደህና ነው» እንላታለን። ብዙ ስንላት ጊዜ የማይሆነውን አሰበች።

«ሞቶ ከሆነ ንገሩኝ» አለች። «እንደ ሕፃን አታባብሉኝ።»

ባሏ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳይቷት ነበር። የሚታየው መስታወቱ ላይ ያንጸባረቀው የገዛ ፂሙ ብቻ ነው።

«ይሄን ነው የወለድኩት?» ብላ ስልኩን መለሰችለት። እየቀለደች አልነበረም።

ስለዚህ ለዚሁ ልጅ ተብሎ የተገዛው አዲስ ካሜራ ከቤት መጣና እኔ ተላክሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ ማሽን ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው።

ሕፃናቱ ያሉበት ክፍል መግባት አይቻልም፤ ከኮሪደሩ በመስታወት ማየት ብቻ ነው። የእኛው መስታወቱ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ካሜራውን ከቦርሳው መዝዤ አነጣጠርኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ሌንሱ ወደፊት፣ ወደኋላ እያለ አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ላይ ጭጋግ ነው፤ ፎቶ የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ቁልፉ ግማሽ መንገድ ወርዶ እንደ ግትር በቅሎ ቆመ።

ባትሪውን አውጥቼ አስገባሁ። ካርዱን ነቅዬ ሰካሁ። ነጸብራቁ ይሆናል ብዬ ጃኬቴን በራሴ ላይ ጣልኩ። አውቶፎከሱ ከልጁ ይልቅ መስታወቱን እየያዘ ይሆናል ብዬ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ያው ጭጋግ። ቁልፉን በአውራ ጣቴ ደበደብኩት።

«ኧረ ቀስ፣ ልጄ!» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ስንት ደክሜ የሸፈንኩትን!»

እጄ ቆመ። «ምን አደረግሽው?»

«ሸፈንኩት ነዋ! እንዳይጫር።»

እናቴ አዲስ ዕቃ ራቁቱን አታሳድርም። ቤታችን ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል፤ ሶፋው ላስቲክ ለብሷል፤ በሙቀት ጊዜ ከሶፋው ስንነሳ ቆዳችን እዚያው ሊቀር ምንም አይቀረው። ካሜራውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ምግብ የሚሸፈንበትን ስስ ላስቲክ ሌንሱ ላይ ደራርባ፣ ዙሪያውን በግልጽ ፕላስተር አሽጋዋለች። የቁልፉም ነገር እንደዚያው ነው፤ በፕላስተር ተጠፍሮ እንዴት ይውረድ!

«እማዬ፣ ዓይኑን እኮ ነው የጋረድሽው!»

«ግልጽ ላስቲክ ነው» አለች ተቀይማ። «እኔ በሱ ውስጥ ሁሉ ነገር ይታየኛል።»

በሩ ላይ የቆመችው ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታት። «እናቴ፣ የኛንም ማሞቂያዎች ያልብሱልን» አለች።

ላስቲኩንም ፕላስተሩንም በጥፍሬ ልጬ ጣልኩ። ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠግቼ ቁልፉን በግማሽ ተጫንኩና ልጁን እስኪይዝ ጠበቅሁ። መጠበቅ አልወድም። ሌንሱ አንዴ ዞሮ ቆመ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የፎከስ ምልክት አረንጓዴ ሆነች።

ልጁ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ።

በባዶ ዓይኔ ያየሁት ቀይ፣ ጭምድድ ያለ ነገር ነበር። አሁን ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። ጆሮው ላይ እንደ ኮክ ፍሬ ያለ ለስላሳ ፀጉር አለ። ከቆዳው ሥር ደም ሥሮቹ ይሄዳሉ። የትንሿ ጣቱ ጥፍር ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ግን ሙሉ ጥፍር ናት፣ ጠርዟ ሳይቀር ያለቀላት። ይህ ሁሉ ያለ መብራት፣ ያለ መመሪያ፣ ማንም ሳያየው በጨለማ ተሠርቶ አለቀ። ቁልፉን እስከ ታች ተጫንኩና አነሳሁት። ማሽን ስለማላምን ወዲያው ደግሜ አነሳሁት።

ከእናቴ ጋር ወደ እህቴ አልጋ ተመለስን። ካሜራውን ተቀብላ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ተኝቷል» አልኳት።

«የሞተም እንዲህ ይተኛል።»

ባሏ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ እጄን ዘርግቼ ሁለተኛውን ፎቶ አመጣሁላት።

ወደ መጀመሪያው መለሰችው፤ እጁ ጭብጥ ነው። ወደ ሁለተኛው አሳለፈችው፤ ጣቶቹ ተዘርግተዋል። መለሰች፣ ጨበጠ። አሳለፈች፣ ዘረጋ።

«እማዬ» አለች፣ «እጁን ከፈተው!»

ቪዲዮ መቅረጽ ይቻል እንደነበር ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ግን አልተናገርኩም። እሷ በጣቷ እያንቀሳቀሰችው ነበር፤ ጭብጥ፣ ዝርግት፣ ጭብጥ፣ ዝርግት።

«እስቲ እኔም ልየው» አለ ባሏ ተጠግቶ።

«ቆይ» አለችው፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ሥራ ላይ ነው።»