ወደ ማላቦ የሄደው ጨርቅ

ኤንዮናም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አውሮፕላንን የምታውቀው ከታች ወደ ላይ አንጋጣ ነው። ሎሜ ቤቷ ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ የሁሉንም ሆድ ታውቃለች፤ ውስጣቸው ምን እንደሚመስል ያየችው ግን በዚህ ሐሙስ ነው። ገና ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች ጎኗ ያለውን ሰውዬ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ መስኮት አይከፈትም?» አለችው። ሰውዬው ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴትዮ ባሕር ተሻግራ ማላቦ የምትሄደው ለንግድ አይደለም፣ ለሕክምናም አይደለም። ጓደኞቿን ልታይ ነው። በቃ። እህቷ «ለሁለት አሮጊት ብለሽ?» ስትላት «አሮጊት አንቺ!» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግታባታለች።

ጓደኞቿ ማብሌና ሲትሶፌ ናቸው። ሦስቱም ልጅ እያሉ ማዳም ፔርፔቱ የሚባሉ ሴትዮ ጋ አብረው ልብስ ስፌት ተምረዋል። አራት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ መቀስ ተሻምተው፣ አንድ ሳህን በልተው። ከዚያ ማብሌ ኮምላን አገባችና ማላቦ ገባች። ሲትሶፌም የባሏን ሥራ ተከትላ እዚያው ሄደች፤ ባሏ ሲሞትም አልተመለሰችም። ኤንዮናም ብቻዋን ሎሜ ቀረች። አስራ ዘጠኝ ዓመት! በመሀል ያለው ነገር ስልክ ነው። ድምፅ ይልካሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ኤንዮናም በየሳምንቱ «ያንን ወርቅ ባልሽን ሰላም በይልኝ» ትላለች፣ ማብሌም «እሺ» ትላለች።

እኛ ጋ መቼም ጓደኛሞች ተገናኝተው አንድ ዓይነት ጨርቅ ካልለበሱ ተገናኙ አይባልም። ስለዚህ ኤንዮናም ትኬቱን ከመቁረጧ በፊት ያሰበችው ጨርቁን ነው። ዕድሏ ሆኖ ገበያ ውስጥ ስትዞር ምን ብታይ ጥሩ ነው? «የጣውንቴ ዓይን»! ሦስቱ ከተለማማጅነት ነፃ በወጡበት ቀን የለበሱት ያ ጨርቅ፣ ያኔ ቀይ ነበር፣ አሁን በሰማያዊ እንደገና ታትሞ ወጥቷል። ጨርቅ ሁሉ ስም አለው፣ ስሙን የሚያወጡለት የገበያ ሴቶች ናቸው። ይሄኛው ላዩ ላይ ትልልቅ ዓይን ፈጦ ፈጦ ስላለበት ነው ስሙን ያገኘው። ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነበር፣ ጣውንት ቀርቶ ባልም አልነበራቸው፣ ቀኑን ሙሉ እርስ በእርስ «ምን ታፈጪብኛለሽ!» እየተባባሉ ሲስቁ ነው የዋሉት።

አሥራ ስምንት ያርድ ገዛች። እውነተኛውን፣ የሆላንዱን። ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት። ማብሌ የስፌት ቤት ስላላት ዓርብና ቅዳሜ እዚያው አብረው ይሰፉታል፣ እሁድ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ሰኞ ኤንዮናም ወደ ሎሜ ትመለሳለች። ለማንም አልተናገረችም። ድንገት ልታስደስታቸው!

ማላቦ ስትደርስ ዝናብ ነበር። ሲትሶፌ ኤርፖርት መጥታ ተቀበለቻት፣ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ተያዩና ደግሞ ሳቁ።

«ወፍረሻል አንቺ!»

«አንቺ ደሞ ጥርስሽን የት ጣልሽው?»

«ተይኝ፣ አንዱ ነው የወለቀው። ነይ፣ ማብሌ እየጠበቀችን ነው።»

ማብሌ ቤት ሲደርሱ ብቻዋን አልነበረችም። ከሎሜ እንግዳ መጣ ሲባል ሁለት የአገር ልጅ ጎረቤቶች ሰላም ሊሉ መጥተው ቁጭ ብለዋል። «ዌዞ! ዌዞ! እንኳን ደህና መጣሽ!» ተባለ፣ ኤንዮናም ተቀመጠች፣ ውሃ ተሰጣት፣ ጠጣች። ውሃው ሳይጠጣ ወሬ አይጀመርም። ከጠጣች በኋላ ማብሌ እንደ ደንቡ ጉሮሮዋን ጠርጋ «እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። መንገዱ እንዴት ነው? ምን ይዞሽ መጣ?» አለች። ሁሉም ሰው ለምን እንደመጣች ያውቃል እኮ! ግን ይጠየቃል፣ እንግዳውም ይመልሳል።

ኤንዮናም ደግሞ ይቺን ደቂቃ በልቧ ስንቴ እንደተለማመደቻት።

«እኔ የመጣሁት በሰላም ነው» አለች። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ስላላየኋችሁ ነው የመጣሁት። ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም።» ሻንጣዋን ከፈተች፣ ጋሪ ከሚባለው የካሳቫ ዱቄትና ከደረቀው ዓሣ ሥር ጨርቁን አወጣች፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ ብላ ብድግ ብላ ዘረጋችው። «የጣውንቴ ዓይን! አስታወስሽው ማብሌ? ላንቺ ብዬ ነው እኮ!»

አንደኛዋ ጎረቤት ሳል ያዛት። ሌላዋ ጣቷን ማየት ጀመረች። ሲትሶፌ ዓይኗን ጨፍና ቀረች።

ማብሌ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ተነሥታ ጨርቁን ከኤንዮናም እጅ ተቀበለች፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥማ፣ ልክ ሱቅ ውስጥ እንደሚታጠፈው አጠፈችው፣ መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው፣ ዚፑንም ዘጋች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ደክሞሻል መቼም። ለካ ላንቺ ያሰብኩት አልጋ እግሩ ተሰብሯል። ሲትሶፌ ጋ እደሪ።»

ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ምግብ እንኳ አልቀረበም! የአዴሜ ቅጠል ወጡ ሽታ ከጓዳ እየመጣ ነው፣ ኤንዮናም ሻንጣዋን እየጎተተች ዝናብ ውስጥ ወጣች።

«ምን አደረግኩ?» አለች መንገድ ላይ። «ሲትሶፌ፣ ምን አደረግኩ?»

«ጨርቅ ጠፍቶ ነው? ሎሜ ውስጥ ጨርቅ አልቆ ነው?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ደሞ!»

ሲትሶፌ አንድ ጣራ ሥር አስጠጋቻት። «ኮምላ ሌላ አግብቷል። ዓመት አልፎታል። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ቤት ተከራይቶላት አራቱን ቀን እዚያ፣ ሦስቱን ቀን እዚህ። ልጅቱና ማብሌ ዳቦ የሚገዙት አንድ ሱቅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አንቺ ደሞ ከሎሜ ድረስ መጥተሽ፣ በሰው ፊት ቆመሽ፣ ‹ላንቺ ብዬ ነው› ትያለሽ!»

ኤንዮናም ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምላኛለች። ለማንም ንገሪ፣ ለኤንዮናም ግን እንዳትነግሪ ነው ያለችኝ። አሁን ደሞ እኔ ነግሬሽ አብረን የተሳለቅንባት ነው የሚመስላት። እኔንም አስጨረስሽኝ!»

እንግዲህ አስቡት። ሐሙስ ነው፣ ሰኞ ልትመለስ ነው። እንዲህ ሆና ከተመለሰች ከማብሌ ጋር ያለው ነገር ያለቀለት ነው፤ በስልክ የሚጠገን አይደለም። ሲትሶፌ «ጎረቤቶቹን ይዘን እንሂድና ያስታርቁን» አለች። ኤንዮናም እምቢ አለች። ጎረቤቶቹ ያዩት ይበቃል።

በነጋታው ጠዋት ብቻዋን ማብሌ ስፌት ቤት ሄደች። ጨርቅ አልያዘችም፣ ሽማግሌም አልያዘችም። ማብሌ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የመዘምራን ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ሃያ ሁለት ሸሚዝ፣ ለእሁድ የሚደርስ። ኤንዮናም «እንዴት አደርሽ?» አለች። መኪናው ብቻ ትርርርር ይላል።

ኤንዮናም ጥግ ያለችውን በርጩማ ጎተተች፣ ካለቁት ሸሚዞች አንዱን አነሣች፣ መርፌና ክር ፈልጋ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ መስፋት ጀመረች።

ይሄ ከማዳም ፔርፔቱ ቤት የመጣ ነው። እዚያ ጓደኛዋን የበደለች ልጅ «ይቅርታ» ብትል ሴትዮዋ አይሰሙም። «አፍሽን ዝጊና ሸሚዙን አንሺ» ነበር የሚሉት። ቀኑን ሙሉ የበደለቻትን ልጅ የቁልፍ ቀዳዳ በሙሉ እሷ ትሰፋላታለች። ከስፌት ሁሉ የቁልፍ ቀዳዳን የሚያህል አሰልቺ ነገር የለማ! ሸሚዙ ደግሞ እያንዳንዱ ሰባት ቀዳዳ አለው።

አንድ ሸሚዝ አለቀ። ሁለት አለቀ። ማብሌ እጇን ዘርግታ ሁለተኛውን አነሣችው፣ ወደ ብርሃን አስጠጋችው።

«ጠሟል።»

«የቱ?»

«ሦስተኛው። ዓይንሽ አያይም እንዴ?»

ኤንዮናም ተርትራ እንደገና ሰፋችው። አራተኛው ሸሚዝ ላይ ማብሌ መኪናውን ሳታቆም «ሲትሶፌ ናት የነገረችሽ?» አለች።

«ምንም አልነገረችኝም። ትናንት ነው የሰማሁት፣ ካንቺ ቤት ወጥቼ፣ ዝናብ እየደበደበኝ።»

«አላምንሽም።»

«ማብሌ፣ ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ጨርቅ ይዤ እመጣ ነበር? ኮምላን ነበር በጆሮው ይዤልሽ የምመጣው!»

መኪናው ቆመ። ማብሌ ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ ነው አይታወቅም ነበር።

«በጆሮው?»

«በጆሮው። ሌላውን ነገሩንማ አልነካውም።»

ማብሌ በረጅሙ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «ለምን አልነገርኩሽም መሰለሽ? በየሳምንቱ ‹ወርቅ ባልሽ፣ ወርቅ ባልሽ›! ሰባት ቀን ቆጥሬ ልነግርሽ ስልኩን አነሣለሁ፣ ገና ሄሎ ሳልል ወርቁን ታመጪዋለሽ። ምን ልበል? ወርቁ ዝጓል ልበልሽ?»

ኤንዮናም መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰክታ ተወችው። ለካ ነገሩ የጨርቁ ብቻ አልነበረም። ስንት ሳምንት፣ ስንት ወር፣ እሷው ናት በገዛ አፏ የጓደኛዋን አፍ ስትዘጋ የኖረችው። ይሄን ሎሜ ሆና ማንም ሊነግራት አይችልም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ወርቅ የሚል ቃል ካፌ አይወጣም» አለች።

«ስሙንም አትጥሪው።»

«ማንን?»

«ጎበዝ።»

ኤንዮናም እንደገና መርፌዋን አነሣች። እኩለ ቀን ሲሆን ሲትሶፌ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ፣ አንድ እግሯ ውስጥ አንድ እግሯ ውጭ። «ልግባ ወይስ ልሽሽ?» አለች። «ግቢ፣ ምሳውን ነው የፈለግነው» አለቻት ማብሌ።

ከበሉ በኋላ ማብሌ እጇን ታጥባ «ጨርቁ የታለ?» አለች።

ኤንዮናም ደነገጠች። «ተይው ማብሌ። ሎሜ መልሼ እሸጠዋለሁ።»

«ለኔ ነው የመጣው፣ የኔ ነው። አምጪው።»

ሲትሶፌ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ሮጣ አመጣችው። ማብሌ ድርሻዋን፣ ስድስቱን ያርድ ለይታ መቁረጫው ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊዎቹ ዓይኖች ሁሉ ወደ ላይ አፈጠጡ። እጇን አሳለፈችበት። ልብስ ሰፊ ነች መቼም፣ ጥሩ ጨርቅ ታውቃለች።

«አለብሰውም» አለች። «እሁድ ይሄን ለብሼ በዚያ ሰፈር ባልፍ ወይ ያለቀሰች ነው የሚሉኝ፣ ወይ ለጠብ የወጣች። እኔ ደሞ ሁለቱንም አይደለሁም። ሥራ አለብኝ።»

«ብንገለብጠውስ?» አለች ሲትሶፌ።

«ሆላንድ እኮ ነው» አለች ኤንዮናም። «በዚህም በዚያም አንድ ነው። ግልባጭ የለውም።»

ማብሌ ስፌት ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ካውያው የሚቆምበትን ረጅሙን ጠረጴዛ አየች። ላዩ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ተቃጥሎ ተቀዳዷል።

«አንሡልኝ ያንን» አለች።

ኤንዮናም ገና ሲገባት «አይ! አይሆንም!» አለች። «ስድስት ያርድ! ማብሌ፣ የሆላንድ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ቶሎ አይቃጠልም።» ማብሌ ጨርቁን ሁለት ድርብ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ የጋለ ካውያ ዓይኗ ላይ አሳርፋለሁ። ያንን ጥግ ያዢልኝ። ወጥሪው! ማዳም ፔርፔቱ ይሄን ነው ያስተማሩሽ?»

ኤንዮናም ጥጉን ያዘች። እየቆጫት ወጠረችው። ሲትሶፌ ሚስማር በአፏ ይዛ ከሥር እየመታች፣ በጥርሷ መሀል «የኔን ስድስት ያርድ ግን እንዳትነኩ» ትላለች፣ «እኔ ባል የለኝ፣ ማን ነው ጣውንት የሚሆነኝ፣ እለብሰዋለሁ!»

«ብቻሽን?» አለች ኤንዮናም።

«ብቻዬን! እናንተ ከፈለጋችሁ የጠረጴዛ ልብስ ልበሱ።»

«እሷ ትልበስ» አለች ማብሌ። «እሷ ላይ ያምራል። አንቺና እኔ ያለንን እንለብሳለን፣ ሰው ይናገር። አንቺ ደሞ ማታ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።»

«አልጋውስ? ተሰብሯል አላልሽም?»

«ተሠራ።»

ማብሌ ካውያውን ሰካችው። እስኪግል ቆመው ጠበቁ፤ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ነካችው፣ ጭስስስ አለ። የመጀመሪያውን የመዘምራን ሸሚዝ ዘረጋች፣ ካውያውን አንሥታ ግን ሸሚዙ ላይ አላሳረፈችም፤ ጎን ላይ ባዶውን ከቀረው ትልቅ ሰማያዊ ዓይን ላይ ጫን አደረገችውና ቆየች።

«እፎይ» አለች።

ከዚያ ካውያውን ለኤንዮናም ሰጠቻት። «በይ፣ ሃያ ሁለት ሸሚዝ ነው። ለእሁድ ካልደረሰ ሰኞ አትሄጂም።»