የጃርሶ ድምፅ፣ ሳይጨመቅ

«ስልኩ የባለመኪናው ነው፤ ዛሬውኑ ይዘህ ና ተብያለሁ» አለ ወንዱ የሚባለው እንግዳ፣ የለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሻዩን ሳይጨርስ። ከሟቹ ከጃርሶ ጋር በአንድ ተሳቢ መኪና ሲፈራረቅ የኖረ ሾፌር ነው። «ፖሌ፣ ይቅርታ እታለም። እኔም ታዛዥ ነኝ።»

እታለም ባሏ ይይዘው የነበረውን ስልክ ጉያዋ ውስጥ ጠበቅ አደረገችው። ጃርሶ መሪ ላይ እንዳለ ልቡ ከመቆሙ በፊት፣ ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ እየነዳ ያንጎራጎረው እዚያ ላይ ተቀድቷል። ሌላ ድምፁ የለም። ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ዞረች።

«ቦኩ፣ አውጣልኝ።»

«ረጅም ነው እትዬ። ሚሞሪ ካርድሽ አይችለውም።»

«አሳንሰዋ! ለሾፌሩ ሁሉ ሺህ ዘፈን በአንድ ካርድ የምትጠቀጥቅ አንተ አይደለህ? ወይስ ለሱ ሲሆን ቂምህ ነው?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቦኩ ዞረ። እንግዲህ ቂመኛው እሱ ሆነ! ጃርሶ እንዲማር ብሎ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ቡቲዬ መንደር ፍየል የጠበቀው ቦኩ ነው። ማን አስታወሰለት? ጃርሶ ግን ተምሮ፣ መሪ ጨብጦ፣ አንድ ቀን ማንያታ ሰፈር ያለው የቦኩ ሱቅ ድረስ መጣና ዘፈን ያስሞላውን ካርድ በሾፌሮች ፊት ወረወረበት። «ሥጋውን በልተህ አጥንቱን ሸጥክልኝ። ዘፈን እንደ ከሰል በጆንያ ይጠቀጠቃል?» ሾፌሮቹ ሳቁ። ወንዱም ስቋል።

ቦኩ ስልኩን ተቀብሎ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀመጠ። ቅጂውን አሳነሰው፤ የለመደው ሥራ ነው። ማዳመጫውን ሰክቶ ሰማ። ጃርሶ ነው፤ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ጃርሶ። ዋናውን ከፈተ። ሞተሩ ከሥር ያጓራል፤ በስንኝና በስንኝ መሀል ጃርሶ አየር ሲስብ ይሰማል። ልጆች ሆነው በአንድ ቁርበት ሲተኙ ማጅራቱ ላይ ያርፍ የነበረው ትንፋሽ ነው። ያሳነሰው ላይ ተመልሶ ፈለገው። የለም።

«ይሄ ሰውዬ፣ ሞቶም ረታኝ» አለ ለራሱ።

ኮምፒውተሩ ዐምና ከተቃጠለ ወዲህ የቦኩ ሱቅ ማለት የራሱ ስልክ ውስጥ ያለችው ትልቋ ካርድ ናት። ነቅሎ የወንድሙ ስልክ ውስጥ ከተታት። ለሽያጭ ያኖረባትን ዘፈን ሁሉ አጠፋ። ዋናውን ሳይነካካ እንዳለ ገለበጠባት።

ወንዱ ስልኩን ተቀብሎ ሲወጣ፣ እታለም ቦኩ የሰጣትን ካርድ መዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

«ስንት ዘፈን አለበት?»

«የሱ ብቻ።»

ቀና ብላ አየችው። ለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ካርዷን በጥቁር ሻሿ ጫፍ ቋጠረቻት።

ቦኩ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

«በስፒከር አትስሚው እትዬ። ትንፋሹ አይሰማም።»