ታክመው ድነዋል

የእትዬ የሺወርቅን ጠላ ቤት ያሸግሁት እኔ ነኝ። ደባርቅ ውስጥ ከነበረው ጠላ ቤት ሁሉ የታሸገው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጄን የሚይዙልኝ ሴት ቤት ሆነ። ይህን ሳወራ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ጊዜው በደርግ፣ በ1975 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። የሳንባ ሕሙማንን አክታ ስመረምር ውዬ ቤት ስገባ፣ ልጄን ለማቀፍ የገዛ እጄን አላምነውም ነበር። ባለቤቴ ሀብተ ሚካኤል ዳባት ያስተምራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልጃችን ስጦታ ሦስት ዓመት ሲሞላት ማይክሮስኮፑን ለሥራ ባልደረባዬ ለአለነ አስረክቤ ወደ ጤና ቁጥጥር ተዛወርሁ። ሥራዬ ጠላ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሻይ ቤት እየዞርሁ ደንብ ማስከበር ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ ደብተሬን ይዤ ስገባ ባለቤቱ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

ቀን ቀን ስጦታን የማውላት እትዬ የሺወርቅ ዘንድ ነው። እሳቸው የወለዱት የለም፤ «እሜቴ» እያሉ ያቀማጥሏታል።

ምግብና መጠጥ የሚሸጥ ሁሉ ሰገራውን አስመርምሮ ካርድ ይያዝ የሚል መመሪያ መጣ። በእኛ አገር ትልቅ ሴት ሰገራዋን በክብሪት ቀፎ ይዛ በሰው መሀል ማለፍ ሞቷ ነው። እትዬ የሺወርቅ ሁለት ቀጠሮ አሳለፉ። በሦስተኛው ቀፎውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡና ፊታቸውን አዙረው ሰጡኝ። አለነ ጎንደር ሄዶ ስለነበር የመረመርሁት ራሴ ነኝ። አሜባ ነው። ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው። በዚህ ሥራ ዓይኔ ተሳስቶ አያውቅም።

ልጇን ስለያዙላት አለፈቻቸው እንዳልባል ፈራሁ። ደግሞም በዚህ እጃቸው ነው ልጄን የሚያጎርሷት ብዬ ተናደድሁ። በቀበሌው ስብሰባ ስማቸውን ሰው ሁሉ እየሰማ አነበብሁ። የአሜባ ኪኒን ተሰጣቸው፤ ጠላው ተደፋ፣ በሩ ታሸገ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ገሠሠ «ጓድ ጽጌሬዳ ዘመድ አታውቅም!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ስጦታንም ወስጄ ሌላ ጎረቤት ዘንድ አዋልኋት።

በአሥረኛው ቀን አለነ እዚያው ጤና ጣቢያ ናሙና አሰጥቶ መረመራቸው። ንጹሕ ናቸው።

«መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው» አልሁት።

«የምን መድኃኒት? አንዷንም አልዋጥሁም ብለውኛል።»

በቀጥታ ቤታቸው ሄድሁ። መደብ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው ናሙና የማን ነበር?»

«ተይው፣ ልጄ። አለፈ።»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

እንዝርቱን አስቀመጡ። «የራሴን ይዤ መሄዱ አሳፈረኝ። የሕፃን ምን ነውር አለው ብዬ፣ የእሜቴን ነው ያመጣሁልሽ።»

ስጦታ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ስትለኝ ልግም ነው እያልሁ እየጎተትሁ ነበር የማወጣት። ውሃ አፍሉ ብዬ ያልተቆጣሁት ቤት የለም፤ በራሴ ቤት ግን ሥራ እንዳይረፍድብኝ እየተጣደፍሁ ከእንስራው ቀድቼ አጠጣታለሁ።

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሉ?»

«እናቷ ተቆጣጣሪ ሆና የልጅቱ ስም በሸንጎ ይነሣ? እሷ ምን በወጣት።» ከነጠላቸው ጫፍ ኪኒኖቹን ፈትተው በእጄ ላይ አኖሩ። «አልነካሁትም። መጠኑን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስጫት።»

እሁድ ስብሰባ ነበር። ስማቸውን ያጠፋሁት እዚያ ስለሆነ የማነጻውም እዚያ ነው ብዬ፣ የምናገረውን መንገዱን ሁሉ ሳጠና ሄድሁ። ስነሣ ጓድ ገሠሠ ቀደም ብሎ «ቆራጧ ተቆጣጣሪያችን!» አለና ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እትዬ የሺወርቅ ከኋላ ተቀምጠዋል። አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ወይዘሮ የሺወርቅ ታክመው ድነዋል፤ ቤታቸው ይከፈታል» የሚል ነው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ተጨብጭቦልኝ ተቀመጥሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ሰኞ እሽጉን አንሥቼ ካርዱን ሰጠኋቸው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፤ ጣታቸውን ከጽሕፈቴ ሥር እየጎተቱ አነበቡት።

«ታ... ክ... መው... ድ... ነ... ዋል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ከምን?»

ካርዱን ደንቡ እንደሚያዘው ጠጪ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ንጹሕ መሆኑን እንዳይ ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«በይ አሁን እሜቴን አምጫት» አሉኝ።