ልብስ ሰፊው ያዋሳቸው ልብ ወለዶች

መሪጌታ ቀለመወርቅ በሠልስቱ ቀን ዳስ ሙሉ ለቀስተኛ አሳቁ። ሊያስቁ ብለው አይደለም፤ የደረሰባቸውን ነው የተናገሩት።

«እኔኮ እውነት መስሎኝ ነበር!» አሉ። «ባዩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን መጽሐፍ ሲያውሰኝ ልብ ወለድ ነው ብሎኛል። ታዲያ ገድልና ድርሳን ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ያልነበረ ሰው በቀለም ይጻፋል ብዬ በምን ልጠርጥር? ያቺ ልጅ ስትሞት እንባዬ ጢሜን አራሰው። በነጋታው ሄጄ ከሙታን ጋር ስሟን በቅዳሴ አስጠራሁ። መጽሐፉ የክርስትና ስሟን ስለማይናገር ወለተ ጊዮርጊስ ብዬ እኔው አወጣሁላት።»

«እስከ መቼ ተጠራች የኔታ?» አለች ጎረቤቲቱ ሐረገ ወይን፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና።

«እስካሁን ነዋ! ማን ደፍሮ ያስቀራታል?»

በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ቢሆንም የሟች ሚስት ንግስት ራሷ ስትስቅ የታየች ጊዜ ሰዉ ነውሩን ተወው።

ባዩ የአርብ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ ሊያመጣ ደብረ ታቦር በሄደ ቁጥር ከአቡጀዲው መሀል አንድ ሁለት ልብ ወለድ ሸጉጦ በበቅሎ ጭኖ ይመለሳል። አርብ አርብ ተፈሪ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ገበያተኛ፣ ፊደል የቆጠረ ከሆነ መጽሐፍም ይዞ ይሄዳል። ታዲያ ባዩ እጁ የገባለትን አንስቶ አይሰጥም። «ይቺ ያንተ ናት» ይላል፤ ጉድ የሚያሰኘው፣ እውነትም ያንተው ሆና ትገኛለች። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መልአኩ ከሚስቱ ሊፋታ ማመልከቻ ጽፎ ነበር፤ ባዩ የሰጠውን አንብቦ በጨረሰ ማግስት ማመልከቻውን ቀደደው። ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው የዳሯት ሐረገ ወይን ደግሞ «የኔን ሆድ ማን ነገረው?» ስትል ኖራለች።

እና ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያለቅስና ያመሰግናል። «ልብ አዋቂ ነበር!» ይላል። ንግስት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ንግስት ሀሁ አትለይም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባዩ አዲሱን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሷ እግሯን ዘርግታ ትሰማለች፤ ክፉውን ሰው ትረግማለች፣ ደጉ ሲቀናው «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። መጽሐፉ ሲያልቅ «ለማን እንስጣት?» ይላታል። መራጯ እሷ ናት። የመሪጌታንም የመረጠች እሷው ነበረች፦ «ልጃቸውን ቀብረው እንባ እንቢ አላቸው። ይቺ ታስለቅሳቸዋለች።» ባዩ ለሰው ሊናገርላት ቢል በጄ አትልም። «ተው እባክህ፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት መረጠችልኝ ብሎ ማን ያነባል?» ትለዋለች።

አንድ ቀን ብቻ አልተስማሙም። ሁለት ወንድማማቾች በማሳ ድንበር ተኳርፈው የሚኖሩበትን መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ባዩ መጽሐፉን አጠፈና «ይቺን ወገዳ ለተሻገር ልላካት» አለ። ተሻገር ወገዳ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ነው። በአባታቸው ርስት ተጣልተው ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ንግስት ግን «ቆይ፣ ገና ነው፤ አሁን ቢደርሰው ሰደበኝ ነው የሚል» አለች። እሺ አላት። ክረምቱ ሳይወጣ ጎኔን ወጋኝ ብሎ ተኛ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ። ንግስትን ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ያቺ «ቆይ» ያለቻት ቃል ናት።

በሠልስቱ ከሰዓት ለቀስተኛው ሲበተን ተሻገር ቀረብ አለ። በቀብሩ ዕለት ደረቱን እየደቃ ከወገዳ የመጣ ሰው ነው።

«ንግስት፣ የባዩን የመጽሐፍ ሣጥን ለልጄ ለጽጌ ብወስድለት ምን ይመስልሻል? ደብረ ታቦር እየተማረ ነው። አንቺ እንደሁ አታነቢው። ምስጥ ይበላዋል።»

ክፋት አልነበረበትም። እሷን የጨነቃትም ይኸው ነው፤ በክፉ ቢመጣ መልስ አታጣም ነበር። ሣጥኑ ከወጣ ግን ቤቱ ኦና ሊሆንባት ነው።

«አይሆንም ወንድም ጋሼ» አለች።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሰው ያነበዋል። ለሚገባው ለሚገባው እሰጣለሁ።»

«ማን መርጦ? መራጩን ቀበርነውኮ!»

«መራጯ እኔ ነኝ» አለች ንግስት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

ተሻገር ወደ መሪጌታ ዞሮ «ሐዘኑ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መሪጌታ አልሰሙትም፤ እሷን ትክ ብለው ያያሉ።

«የኔንም?»

«የእርስዎንም፣ የኔታ። ያላለቀሱት ልቅሶ ሆድዎ ውስጥ እንዳይቀር ብዬ።»

«ወለተ ጊዮርጊስ የልጄ የክርስትና ስም ነው» አሉ ሽማግሌው። «በዚያች መጽሐፍ ነው ያለቀስኩላት። ይኸን ሁሉ ዘመን ባዩን ብቻ ሳመሰግን…» ተነሥተው ጎንበስ አሉላት። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ ልጄ።»

ንግስት ወደ ጓዳ ገብታ ሣጥኑን ከፈተች። መጽሐፎቹን በሽፋናቸው ታውቃቸዋለች። አንዱን አውጥታ ለተሻገር በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ይቺ የእርስዎ ናት። ባዩ ሊልክልዎ ነበር፤ ይቆጣሉ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ተኳርፎ መሞት አልፈለገም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ተሻገር በልጅነቱ ዲያቆን ነበርና ያነባል። ከዳሱ ጥግ ተቀመጠ። እስከ ሰባቱ ድረስ ለቀስተኛ ሲገባ ይነሣል፣ ሲቀመጥ ይገልጣል። እህል ሲያቀርቡለት «ቆዩኝ» ይላል። መሀል ላይ መጽሐፉን አጥፎ ከዳሱ ወጣና ከጓሮው ማሳ ዳር ብዙ ቆሞ ተመለሰ።

በሰባቱ ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ሲሄድ የተሻገር በቅሎ ተጭና ደጅ ቆመች። ሣጥኑ ግን ከጓዳ አልተነሣም።

«ለጽጌስ?» አለች ንግስት።

«ሲመጣ አንቺው ምረጪለት» አላት። ወጣ፤ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መጽሐፏ እጁ ላይ ናት። «ባዩ ሲያነብልሽ ጮክ ብሎ ነበር?»

«ጮክ ብሎ ነበር።»

ተሻገር መደቡ ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ገጽ ያነብላት ጀመር። ስድስት ዓመት ሙሉ በቤቷ ያልተሰማ ድምፅ ነው፤ ግን የባዩ ድምፅ ነበር፤ ቁጭ፣ አንድ ሳይቀር! ንግስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተሻገርን እንዳታየው፣ ባዩን እንድትሰማው ብቻ።