ሃምሳ አንድ ኪሎ

በውድድር ፈረስ በሚጋልብበት ዘመን፣ ከቅለቱ የተነሳ ላባ ይሉት ነበር። ዛሬ የዳሌው አጥንት ሳስቶ በከዘራ የሚሄድ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለውድድሩ ሚዛን ክብደት ለመቀነስ ምግብ እየዘለለ፣ ፕላስቲክ ለብሶ እያላበ፣ የሚያሸና ኪኒን እየዋጠ አጥንቱንም ኩላሊቱንም ጨረሳቸው። ሐኪሙ አላድበሰበሰለትም። «የሐሙሱ የደም ምርመራ ኩላሊትዎ ቀዶ ጥገናውን እንደሚችል ካሳየ ሰኞ ዳሌዎን እቀይራለሁ። እስከዚያ ውሃ በደንብ ይጠጡ» አለው።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ በማግስቱ ሆስፒታል በመኪና የሚያደርሳቸው ዳቦ ጋጋሪው መሆኑን ስትነግረው ግን አንጀቱ አረረ።

ዳቦ ጋጋሪው የድሮ ባልደረባው ነው፤ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ትንሽ ስለሚተርፈው «ግማሽ ኪሎ» እያሉ ያላገጡበት ጋላቢ። በሃያ አምስት ዓመቱ ኮርቻውን ጥሎ ዱቄት ውስጥ ገባ፤ ላባም ያኔ ሆዱን ይዞ ስቆበታል። አሁን ያ ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል፤ ጥርሶቹ እንኳ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ይባስ ብሎ የላባን ሚስት ያስቃታል። እሷ ቤቷ ውስጥ ከሳቀች ቆይታለች።

ነገ እሱ እያየኝ ሚዛን ላይ ልወጣ ነው ብሎ አሰበ ላባ። ከዚያም ጋላቢ ያልነበረ ሰው የማይሳሳተውን ስህተት ተሳሳተ። ሚስቱ ውሃ በቀዳችለት ቁጥር ዞር እስክትል ጠብቆ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ካፖርት ደርቦ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አላበ። ምራቁን ሳይቀር መሐረብ ላይ ይተፋ ነበር። ምን እያደረግህ ነው ቢሉት ያፍር ነበር፤ ቢሆንም አልተወውም።

ሐሙስ ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሃምሳ አንድ፤ የመጨረሻ ውድድሩን ያሸነፈበት ኪሎ። ዞር ብሎ ጋጋሪውን፣ ግማሽ ኪሎን፣ አየው። ግማሽ ኪሎ ግን የሚያየው ሚዛኑን ሳይሆን የተሰነጣጠቀ ከንፈሩን ነበር።

የደሙ ውጤት ሲመጣ የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። «ኩላሊትዎ ካለፈው ብሶበታል። ውሃ ጠጥተዋል?»

«እንዴታ» አለ ላባ፣ ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ።

«እኔው ነኝ የቀዳሁለት» አለች ሚስቱ።

«አልጠጣም ዶክተር» አለ ግማሽ ኪሎ። «እኛ ጋላቢዎች ሚዛን ስንጠብቅ እንዲህ ነው የምንሆነው። ሁለት ቀን ይጠጣና እንደገና ይዩት።»

ሐኪሙ ወደ ላባ ዞረ። «እውነት ከሆነ ቅዳሜ ደግሜ እመረምርዎታለሁ። ካልሆነ ተራውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን ነገሩ ከግማሽ ኪሎ አፍ ወጥቷል፤ እሱ ያለውን ማጽደቅ ሞት መሰለው። «ጠጥቻለሁ አልኩ እኮ» አለ። ሐኪሙ ስሙን ሰረዘው።

ኮሪደሩ ላይ ግማሽ ኪሎ ውሃ በኩባያ ይዞ መጣ። «አንተ ሃምሳ አንድ፣ እኔ ሰማንያ ሦስት። በቃ አሸንፈኸኛል። አሁን ይቺን ጠጣና ተመልሰን እውነቱን እንንገረው።»

የላባ ሆድ ቅቤ ጠጣ። ቀዶ ጥገናው ተሰርዞበት እያለ ደስ አለው፤ ደስታውንም መደበቅ አልቻለም።

ሚስቱ ፊቱን አይታ ሁሉም ነገር ገባት። «አንድ ቀን እንኳ አብረን በእግራችን ሽርሽር እንወጣለን ብዬ ነበር ይህን ተራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት» አለችው። «ማን ስንት እንደሚመዝን መቼ ጠየቅኩህ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ደረጃው ሄደች። ላባ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው ደርቆ ድምፅ አልወጣውም።