የፌንጣ ሽሮፕ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መጥረጊያ» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ከየሆስፒታሉ የሚመጣውን የሕሙማን መረጃ ማጽዳት ነው። አንዱ ክብደት በሚጻፍበት ቦታ ዕድሜ ይጽፋል፣ ሌላው ወንዱን ልጅ ሴት ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ሲሰለቸው ሁሉንም «ደህና» ብሎ ይገላገላል። እንዲህ ያለውን ሰው አልምረውም። እስኪያርም ድረስ በስልክ መግቢያ መውጫ አሳጣዋለሁ።

አምና አለቃችን ዶክተሩ ከአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ጋር ውል አሰረ። ፋብሪካው ለሚጥል በሽታ አዲስ ሽሮፕ ሠርቷል፤ ሆስፒታሎቹ ወላጅ ለፈቀደላቸው ልጆች እየሰጡ ይሞክሩታል፤ እኛ የሁሉንም ውጤት አንድ ላይ አድርገን እናያለን። ሆስፒታሉ ለብቻው፣ ፋብሪካው ለብቻው ሲዳክሩ ያልታየው ነገር አሁን ይታያል ተባለ። አመንኩበት። አሁንም አምንበታለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከልጆቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ዘንድ ልጆቹ በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁምና የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። እሷን የማውቃት ቤት ነው። ድሮ በየቀኑ ትወድቅ ስለነበር እናቷ እጇን ዘርግታ ከኋላ ከኋላዋ ነበር የምትሄደው። ሽሮፑን ከጀመረች ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀች። ደረጃውን እየዘለለች ስትወጣ ያዩ ጎረቤቶች «ፌንጣ» አሏት። እህቴ በደወለች ቁጥር «ያንን ፋብሪካ ፈጣሪ ይባርክልኝ፣ አንቺንም ጭምር!» ትላለች። እኔ ምን አደረግኩ? ጠረግኩ እንጂ።

መረጃው ሲጠራ ነገሩ ፈጦ ወጣ። ሽሮፑ ለአብዛኞቹ ልጆች ምንም አልፈየደም። የአንዳንዶቹን ጉበት ደግሞ ጎድቷል። ጉዳቱ «ደህና» በሚለው ቃል ሥር ተደብቆ ነበር፤ ጎልጉዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስህተት ባገኝ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ስንፍና ናፈቀኝ።

«ሙከራው ይቆማል፣ ማምረቱንም ትተነዋል» አለ የፋብሪካው ተወካይ ስብሰባው ላይ።

«የተሻላቸው ልጆችስ?» አልኩ።

«የተሻላቸው በሽሮፑ ይሁን በሌላ መለየት አልቻልንም። ለጉበታቸውም ነገ ማን ዋስ ይሆናል? አዝናለሁ፣ እህቴ።»

ባለጌ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ሰውየው ግን ከልቡ ነው ያዘነው። ስንወጣ ዶክተሩ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «የስንት ልጅ ነፍስ አተረፍሽ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ አንጀቴን አሳረረው።

ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ለእህቴ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት።

«ቆይ፣ የኔ ልጅ ተሽሏት የለም እንዴ?»

«ተሽሏታል።»

«ጉበቷስ?»

«ሐኪሟን ጠይቄ ነው የመጣሁት፤ እስካሁን ምንም አልሆነም።»

«ታዲያስ! አንቺ እዚያው አይደለሽ? አንድ ነገር አድርጊያ!»

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? የሌሎቹ ልጆች ጉበት እኮ...»

«የሌሎቹን ልጆች እኔ አላውቃቸውም!» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እነሱም እናት እንዳላቸው ታውቃለች። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ሽሮፑ በአንዴ አይቋረጥም፤ መጠኑ እየተቀነሰ ነው የሚያልቀው። ፌንጣ የመጨረሻውን የወሰደች ዕለት እነሱ ጋ ሄድኩ። እህቴ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ካቻቢቴ አስጨበጠችኝ።

«የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ንቀይልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።»

ፌንጣ ሲሻላት ለምና ያስገጠመችው መቀርቀሪያ ነው። እንደ ትልቅ ሰው በሩን ቆልፋ፣ እየዘፈነች፣ ብቻዋን መታጠብ ትወዳለች። ውስጥ ከወደቀች ግን ማን ይከፍትላታል?

ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ፌንጣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ተበላሸ እንዴ፣ አክስቴ?»

«አዎ፣ የኔ ቆንጆ።»

«መቼ ነው የሚሠራው?»

ቀና ብዬ እህቴን አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«እንጃ» አልኩና የመጨረሻውን ብሎን ፈታሁት።